ትንሣኤ ሙታን፦ የሚባለውና የሚታመነው

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሐዘንተኛ ስናጽናና ከአንደበታችን ቶሎ የሚወጣ አንድ ነገር አለ። «ሥጋማ ያው አፈር ነው፤ ዋናዋ ነፍስ ናት፤ እሷ ከዚህ እስር ቤት ወጥታ አርፋለች» እንላለን። የሚናገረውም የሚሰማውም ክርስቲያን ነው፤ ንግግሩ ግን የክርስትና አይደለም። ሥጋን የነፍስ እስር ቤት አድርገው ያስተማሩት የግሪክ ፈላስፎች ናቸው። ፕላቶን ስለ መምህሩ ስለ ሶቅራጥስ የመጨረሻ ቀን ሲጽፍ ሞትን ነፍስ ከሥጋ የምትላቀቅበት አርነት አድርጎ አቅርቦታል። ሐዋርያው ጳውሎስ አቴና ላይ በአርዮስፋጎስ ቆሞ ሲያስተምር ሰዎቹ ስለ ፈጣሪ የተናገረውን ሰሙት፤ የሙታንን መነሣት ሲያነሣ ግን ከፊሎቹ አፌዙበት። ነፍስ አትሞትም ብሏቸው ቢሆን የሚስቅ ብዙም ባልተገኘ ነበር፤ በአገራቸው የታወቀ ትምህርት ነውና። ያሳቃቸው የሥጋ መነሣት ነው።

በክርስትና ሰው ማለት ነፍስና ሥጋ በአንድነት ነው። ሁለቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ወልድም ሰው ሲሆን ነፍስንም ሥጋንም ነሥቷል። ስለዚህ ግማሹን አፈር ውስጥ ትቶ ግማሹን ብቻ የሚወስድ መዳን ሙሉ መዳን አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምራቸው አምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ተጀምሮ በ381 በቁስጥንጥንያ የተጠናቀቀው ጸሎተ ሃይማኖትም የሚያበቃው የሙታንን መነሣትና የሚመጣውን ሕይወት በመጠበቅ ነው። እስከዚያ ቀን ነፍስ የት ትቆያለች በሚለው ላይ ክርስቲያኖች ይለያያሉ። በኦርቶዶክሳውያን ትምህርት የጻድቃን ነፍስ በገነት፣ የኃጥአን በሲኦል ትቆያለች፤ ፍትሐቱም ተዝካሩም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ፕሮቴስታንቶች ተዝካርን አይቀበሉም፤ አድቬንቲስቶች ደግሞ ሙታን አንቀላፍተው ይጠብቃሉ ይላሉ። ይህ ሁሉ ልዩነት ግን ስለ ቆይታው እንጂ ስለ መጨረሻው አይደለም። መጨረሻው የሰው ሁለንተናው መነሣት እንደሆነ ሁሉም ይስማማሉ።

ሥጋን እስር ቤት ከሚያደርገው ስሕተት የሚወለድ ሌላም አለ፤ አብዝቶ የሚያለቅስን ሰው እምነት እንደጎደለው መቁጠር። ሞት አርነት ከሆነ በእርግጥም ማልቀስ ምን ይሉታል? ጳውሎስ ግን ሞትን የመጨረሻው ጠላት ብሎታል፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል። ጥቂት ቆይቶ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ለተሰሎንቄ ሰዎች የተጻፈውም ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ነው እንጂ ከነጭራሹ እንዳያዝኑ አይደለም። እናት ልጇን ቀብራ ስታለቅስ በእምነት ስም ዝም ማሰኘት ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

«አልዓዛርም ተነሥቶ የለም እንዴ? የክርስቶስ በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ደጋግሞ ይሰማል። አልዓዛር በአራተኛው ቀን ከመቃብር ወጣ፤ የተመለሰው ግን ወደነበረበት ሕይወት ነው። ይርበዋል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። እንዲያውም የካህናት አለቆች እሱንም ሊገድሉት ተማክረው እንደነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፏል። የናይኗ መበለት ልጅና የኢያኢሮስ ልጅም እንዲሁ ዳግመኛ ሞት ይጠብቃቸው ነበር። ሊቃውንቶቻችን ትንሣኤን በአምስት ከፍለው ሲያስተምሩ ይህን በጥንቃቄ ለይተውታል። እግዚአብሔርን በማሰብ የሚገኘው ትንሣኤ ኅሊና አለ፤ ቃሉን ሰምቶ በንስሓ መታደስ ትንሣኤ ልቡና ይባላል፤ ሦስተኛው የእነ አልዓዛር ለጊዜው መነሣት ነው፤ አራተኛው የክርስቶስ ትንሣኤ፣ አምስተኛው የሁላችንም የሆነው ትንሣኤ ዘጉባኤ። ክርስቶስ የተነሣው በራሱ ሥልጣን ነው፤ ከእንግዲህም ሞት አያገኘውም። በኩር የተባለውም ከእሱ በኋላ የሚነሡት እሱን መስለው ስለሚነሡ ነው።

የተነሣው መንፈሱ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው መጀመሪያ የመሰላቸው ይኸው ነበር፤ ምትሐት ያዩ መስሏቸው ደነገጡ። እሱ ግን እጁንና እግሩን አሳያቸው፤ በፊታቸውም የተጠበሰ ዓሣ በላ። ለቶማስ የችንካሩንና የጦሩን ምልክት አሳየው። ያው በመስቀል ላይ የዋለው ሥጋ ነው ማለት ነው። ግን ደግሞ በሩ እንደተዘጋ በመካከላቸው ይቆማል፤ የኤማሁስ መንገደኞች አብረውት ሄደው እንጀራ እስኪቆርስ ድረስ አላወቁትም። ሥጋው ያው ነው፤ ሁኔታው ተለውጧል። ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ55 አካባቢ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ይህን በገበሬ ዘር ያስረዳል፦ የሚዘራው ቅንጣት ነው፤ የሚበቅለው ከዚያው ቅንጣት ቢሆንም መልኩ ሌላ ነው። በዚያው ምዕራፍ መንፈሳዊ አካል ያለውም አካል የሌለውን ነገር አይደለም። መንፈስ ቅዱስ ሕያው የሚያደርገው፣ ድካምና መበስበስ የማያገኘው እውነተኛ አካል ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች በአጭሩ። ድንጋዩ የተንከባለለው ጌታ እንዲወጣ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተነሣው መቃብሩ እንደተዘጋ ነው፤ መልአኩ ድንጋዩን ያነሣው ሴቶቹ ገብተው ባዶውን ስፍራ እንዲያዩ ነው። ሲነሣ ያየ ሰው እንዳለም አንድም ወንጌል አልጻፈም። «ከዓርብ እስከ እሑድ ሌሊት ሦስት ቀን አይሞላም» የሚለው ክርክርም አይሁድ ቀን የሚቆጥሩበትን መንገድ ካለማወቅ የመጣ ነው፤ ከቀኑ ጥቂቱ እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራል። አስቴር ሦስት ቀን፣ ሌሊትም ቀንም እንዲጾሙላት ጠይቃ ወደ ንጉሡ የገባችው በሦስተኛው ቀን ነው።

የሚነሡት ጻድቃን ብቻ ናቸው የሚለውም ስሕተት ነው። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል በመቃብር ያሉት ሁሉ ድምፁን ሰምተው እንደሚወጡ ተናግሯል፤ ከፊሉ ለሕይወት፣ ከፊሉ ለፍርድ። የእኛ መምህራን ትንሣኤ ዘለክብርና ትንሣኤ ዘለኃሣር ብለው ይለዩታል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ብዙዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ነው። አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው እንዴት ይነሣል? በእሳት የተቃጠለ፣ ባሕር የበላው፣ አሸዋ የቀበረው?

ይህ ጥያቄ ጥንት በጠላት እጅ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ177 ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር፣ በሊዮን ከተማ፣ ሮማውያን በክርስቲያኖች ላይ ስደት አስነሡ። ከዘጠና ዓመት በላይ የሆናቸው ጳጳስ ጶቲኖስ በእስር ቤት ሞቱ፤ ብላንዲና የተባለች ባሪያ ለአውሬ ከተሰጠች በኋላ ተገደለች። ገዳዮቹ በዚህ አልረኩም። የሰማዕታቱን አስከሬን ስድስት ቀን ሜዳ ላይ አሰጡት፤ ከዚያም አቃጥለው አመዱን ሮን ወንዝ ውስጥ ጨመሩት። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ያቆየልን የዚያች ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ምክንያቱን ይናገራል፤ ክርስቲያኖቹን በሞት ፊት ደፋር ያደረጋቸውን የትንሣኤ ተስፋ ለመንቀል ነበር። አመድ ከወንዝ ተለቅሞ አይነሣም ብለው አስበው ነው። ከጶቲኖስ በኋላ በዚያችው ከተማ የተሾመው ሄሬኔዎስ ግን ይህን ሁሉ እያወቀ የሥጋን መነሣት አጥብቆ የሚከራከር መጽሐፍ ጻፈ። መከራከሪያው ግልጽ ነው፦ ሰውን ካልነበረበት ያስገኘ አምላክ የነበረውን መልሶ ማስነሣት አያቅተውም።

የእኛም መምህራን ስለ ዕለተ ምጽአት ሲያስተምሩ ነጋሪት ሦስት ጊዜ ይጎሰማል ይላሉ። በመጀመሪያው በየስፍራው የተበተነው ይሰበሰባል፤ በሁለተኛው አጥንትና ሥጋ ይያያዛል፤ በሦስተኛው ሙታን ይነሣሉ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከተበተነው ነው። በመጽሐፈ ሄኖክም ምድር የተሰጣትን አደራ እንደምትመልስ ተጽፏል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስከሬን ማቃጠልን እ.ኤ.አ. በ1963 ስትፈቅድ፣ ትንሣኤን ለመካድ ተብሎ እስካልተደረገ ድረስ ነው ያለችውም በዚሁ እምነት ነው። ቀብርን የሚመርጡት አብያተ ክርስቲያናት የሚመርጡት የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ የነበረውን ሥጋ ለማክበር ነው። መቃብር ለእግዚአብሔር የመገኛ አድራሻ አይደለም።

ከዓረብ አገርም ከአሜሪካም አስከሬን ወደ አገር ለማምጣት ገንዘብ የሚያዋጡ ወገኖቻችን የሚያደርጉት ትልቅ የፍቅር ሥራ ነው፤ ይበርቱ። ነገር ግን ልጃቸው በሜዲትራኒያን ባሕር ወይም በሰሐራ በረሃ የቀረባቸው፣ አፈር አልብሰው ያልሸኙ ወላጆች በየሰፈራችን አሉ። ሐዘናቸው ላይ «በወጉ እንኳ አልተቀበረ» የሚል ፍርሃት ተጨምሮባቸዋል። ልትጠይቋቸው ስትሄዱ ሥጋ አፈር ነው አትበሏቸው። ባሕሩም በረሃውም የያዘውን እንደሚመልስ፣ ልጃቸው ከትንሣኤው እንደማይጎድል ንገሯቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይኸው ነው።