የቪዲዮ ጌም ለመግዛት መታገሥ መቼ ይጠቅማል?

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል አዲስ የቪዲዮ ጌም በወጣ ጊዜ ወዲያው ለመግዛት የሚጣደፍ አለ፤ ዋጋው እስኪወርድ የሚታገሥም አለ። እኔ ከታጋሾቹ ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ መታገሥ ሁልጊዜ ትርፍ አይደለምና፥ የሚጠቅምበትንና የሚጐዳበትን ለይቼ ለአንባብያን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ፥ ዋጋው ስለ ምን ይወርዳል? ጤፍ ተበልቶ ያልቃል፤ ሲያንስም ይወደዳል። ጌም ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ለሺህ ሰው ቢሸጥ አያልቅም፤ በኢንተርኔት አንድ ተጨማሪ ቅጂ መላክ ለሻጩ የሚያስወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሻጩ አስቀድሞ ለቸኮለው በውድ ይሸጣል፤ በኋላም ኪሱ ለሳሳው ዋጋውን ይቀንሳል። ገዢዎች ይህን ዐውቀው የታገሡ እንደ ሆነ ሻጩ ዋጋውን እንደ ሰቀለ ለማቆየት እንደሚቸገር፥ ሮናልድ ኮስ የተባለው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1964 ዓ.ም. ለረጅም ጊዜ ስለሚያገለግሉ ዕቃዎች በጻፈው ጽሑፍ አስረድቷል።

ሁለተኛው ጥቅም የጌሙ መታረም ነው። ሳይበርፐንክ 2077 በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በ60 ዶላር ለገበያ ቀረበ። ነገር ግን ጉድለቱ ስለ በዛ፥ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሶኒ ከፕሌይስቴሽን መደብሩ አነሣው። ሠሪዎቹ ሲያርሙት ቆይተው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ታላቅ ማሻሻያ አወጡለት። የታገሠው ሰው የተሻለውን ጌም በግማሽ ዋጋ ለማግኘት ቻለ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጉዳቱ እንምጣ። አንዳንድ ሻጭ ዋጋ መቀነስ አይወድም። ኒንቴንዶ በ2009 ዓ.ም. በ60 ዶላር ያወጣው የዜልዳ ጌም ከአምስት ዓመት በኋላም መደበኛ ዋጋው ያው ነበር። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ጌም ደግሞ ሊዘጋ ይችላል። ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም በ2007 ዓ.ም. ወጥቶ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሰርቨሩ ተዘጋ። ቀድሞ የገዛው ዘጠኝ ዓመት ተጫወተበት፤ እስኪረክስ ጠብቆ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የገዛው ግን ዓመት እንኳ አልሞላለትም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የምንዛሪው ነገር ነው። የጌሙ ዋጋ በዶላር፥ የእኛ ቁጠባ ግን በብር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ እናስላው፤ አስቀድሞ 60 ዶላር ማለት 3,420 ብር ነበር። ታግሠን በግማሽ ዋጋ በ30 ዶላር ብንገዛ ግን በ120 ብር ሒሳብ 3,600 ብር እንከፍላለን። ዋጋው ወረደ እየተባለ ከኪሳችን የሚወጣው ጨመረ ማለት ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ፥ ከመታገሣችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሻጩ ዋጋ የመቀነስ ልማድ አለውን? ጌሙ እስከዚያ ይቆያልን? የያዝነው ብርስ እስከዚያ ድረስ ምን ያህል ይገዛል? ወላጆቻችንም ገንዘብ ስንጠይቃቸው ይህን ሒሳብ ሠርተን ብናቀርብላቸው፥ እሺ ባይሉን እንኳ ማሰባችንን ያዩልናል። ትዕግሥት መልካም ነው፤ የሚጠብቀውን ነገር ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ግን ይበልጥ መልካም ነው።