አበል ያለው የተግባር ልምምድ፦ የሕግና የሕዝብ ፖሊሲ ተማሪዎች ድጋፍ ከየት ያገኛሉ?

መግቢያ

በ1998 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሕግ ትምህርትና ሥልጠና ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪውን የአምስት ዓመት መርሐ ግብር ሲያደርገው፣ የተግባር ትምህርትን ከዳር ወደ መሐል አምጥቷል። ኤክስተርንሺፕ፣ የሕግ ክሊኒክና የልምምድ ችሎት በሥርዓተ ትምህርቱ የተካተቱት ሕግን አንብቦ ማወቅና በችሎት፣ በመዝገብ ቤትና በዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሲሠራ ማየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ስለታመነበት ነው። በሕዝብ ፖሊሲና በአስተዳደር ዘርፎችም ተመሳሳይ አስተሳሰብ አለ። በጀት እንዴት እንደሚደለደልና መመሪያ እንዴት እንደሚረቀቅ የሚታወቀው ሥራው ከሚሠራበት ቢሮ ውስጥ ነው።

ማሻሻያው ልምምዱን ግዴታ ሲያደርግ ግን አንድ ጥያቄ ከኋላው ተከትሎ መጥቷል። ተማሪው በልምምድ ላይ ሳለ በምን ይኖራል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሦስት አቅጣጫ ይመለከተዋል። እነርሱም የልምምዱ ሕጋዊ ተፈጥሮ፣ አበል የሚገኝባቸው ምንጮችና ምንጮቹ የሚከፈቱበት መንገድ ናቸው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አበል ያለው ልምምድ በተማሪው የግል ፍለጋ ብቻ የሚገኝ አለመሆኑ ነው። አበሉ በአብዛኛው የሚወሰነው ተማሪው ከመመደቡ በፊት በተቋማት መካከል በሚደረግ የጽሑፍ ስምምነት ነው።

ከጉብሬ እስከ እምድብር

የችግሩ መጠን በቅርብ ምሳሌ ይታያል። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በጉብሬ ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ የቸሃ ወረዳ መቀመጫ እስከሆነችው እምድብር ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ወደ ቡታጅራ ለሚመደብ ደግሞ ይረዝማል። በግቢው ለሚኖር ተማሪ ምግብና መኝታ በወጪ መጋራት ሥርዓት የተሸፈኑ ናቸው። ተማሪው ዕዳውን ከምረቃ በኋላ ከገቢው ይከፍላል። ለልምምድ እምድብር ቤት ተከራይቶ የሚቀመጥ ተማሪ ግን የቤት ኪራዩን፣ ምግቡን፣ መጓጓዣውንና የመዝገብ ቅጂ ማባዣውን ዛሬውኑ በእጁ መክፈል ይኖርበታል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከቤተሰቡ ካልመጣ ከየት እንደሚመጣ በቅድሚያ የተጻፈ ነገር ላይኖር ይችላል።

ውጤቱ የተማሪውን ኪስ ብቻ የሚነካ አይደለም። ወጪው በተማሪው ላይ ሲወድቅ የልምምድ ቦታው በትምህርት ዋጋው መመረጡ ይቀርና ዘመድ ባለበት ከተማ ይመረጣል። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ተማሪ በፌዴራል ፍርድ ቤት ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅት ሊለማመድ ይችላል። ዘመድ የሌለው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ቢሮ ይሄዳል። ወረዳዎችም በበኩላቸው ይጎዳሉ። የሰው ኃይል እጥረት ያለባቸው ፍርድ ቤቶች፣ እንዲሁም እንደ የጆካ ቂጫ ያለ ሕያው ባህላዊ ሕግ ያላቸው አካባቢዎች ለመማርም ለመመራመርም ምቹ ሆነው ሳለ፣ ለመኖሪያ የሚሆን ድጋፍ ባለመኖሩ ብቻ ከምርጫ ይወጣሉ።

ልምምዱ በሕግ ፊት

አበል መጠየቅ የሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ መልመጃ ውልን ያውቃል። ውሉ በጽሑፍ እንዲደረግ፣ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን ክፍያና የሥራውን ሁኔታ እንዲገልጽ ያስገድዳል። በአንጻሩ ከሙያ መልመጃ ውል ውጭ ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ብቻ የሚደረጉ ውሎች ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችም በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ።

ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ግልጽ ነው። በወረዳ ፍርድ ቤት ወይም በዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለትምህርት ነጥብ የሚለማመድ ተማሪ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ላይ ተመሥርቶ ክፍያ መጠየቅ ያስቸግረዋል። የግል ድርጅት ተማሪውን ተቀብሎ መደበኛ ሥራ ሲያሠራው ግን ግንኙነቱ ወደ ሙያ መልመጃ ውል ወይም ወደ ሥራ ውል ሊያደላ ይችላል። ስለዚህ «ኢንተርን» የሚለው ስያሜ ብቻውን መብትንም ግዴታንም አይወስንም። የሚወስነው የተሠራው ሥራና የተፈረመው ሰነድ ነው። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ የተማሪው ዋስትና ዩኒቨርሲቲው ከተቀባዩ ተቋም ጋር የሚፈርመው የመግባቢያ ሰነድ ይሆናል።

በነጥብና በክፍያ መካከል ያለው ክርክር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶችን ዕውቅና የሚሰጠው የጠበቆች ማኅበር ለትምህርት ነጥብ በሚሠራ ኤክስተርንሺፕ ተማሪው ክፍያ እንዳይቀበል ለረጅም ጊዜ ከልክሎ ቆይቶ ክልከላውን በ2016 እ.ኤ.አ. አንሥቷል። በጀርመን የመጀመሪያውን የመንግሥት ፈተና ያለፈ የሕግ ምሩቅ በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግና በጠበቃ ቢሮ ለሁለት ዓመት ያህል ሲለማመድ ከመንግሥት የመተዳደሪያ አበል ያገኛል። በደቡብ አፍሪካ የሕግ ድጋፍ ተቋሙ ዕጩ ጠበቆችን በክፍያ ቀጥሮ ያሠለጥናል። ሦስቱም አገሮች የሚያሳዩት ክፍያ መኖሩ የልምምዱን ትምህርታዊነት እንደማያጠፋው ነው።

ኢትዮጵያም ለዚህ አዲስ አይደለችም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። አብዛኞቹ በአስተማሪነት ሲመደቡ መተዳደሪያ አበል ይከፈላቸው ነበር። አገልግሎቱ ግዴታ ቢሆንም የተመደበው ተማሪ የሚኖርበት ነገር አብሮ ታስቦለታል። ዛሬም በሕክምና ትምህርት የመጨረሻው ዓመት ተለማማጅ ሐኪሞች ክፍያ ያገኛሉ።

ገንዘቡ የት ይገኛል?

የመጀመሪያው ምንጭ የዩኒቨርሲቲው የራሱ በጀት ነው። ተማሪው ከግቢ ሲወጣ ለምግብና ለመኝታ ታስቦ የነበረው ወጪ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተለውጦ የሚሰጥበት አሠራር መኖር አለመኖሩን የትምህርት ክፍሉ ምደባ ከማውጣቱ በፊት ማጣራት ይገባል። አሠራሩ ከሌለ ጥያቄው በተማሪዎች ኅብረትና በትምህርት ክፍሉ በኩል ለበጀት ዝግጅት በሚደርስበት ወቅት መቅረብ አለበት። በጀት ከጸደቀ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

ሁለተኛው ምንጭ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ናቸው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ አገር በቀል ማኅበራት ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳያገኙ ተገድበው ስለነበር፣ እንደ ኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎች አቅማቸው ተዳክሞ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገደቡን አንሥቷል፤ ነገር ግን አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ቁጥር ለተለማማጁ ትርጉም አለው። የተማሪ አበል በፕሮጀክት ሐሳቡ ውስጥ እንደ ፕሮጀክት ተግባር ካልታቀደ በኋላ ቦታ ለማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ ድርጅትን የሚጠይቅ የትምህርት ክፍል መቅረብ ያለበት ሐሳቡ በሚረቀቅበት ጊዜ ነው። በሌላ በኩል በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ እርዳታ መቋረጥ በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ዕቅድ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አሳይቷል።

ሦስተኛው ምንጭ ዓለም አቀፍና አህጉራዊ ተቋማት ናቸው። እዚህ ላይ ስመ ጥርነትና ክፍያ አብረው እንደማይሄዱ ማወቅ ያስፈልጋል። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ጨምሮ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ኢንተርንሺፕ ያለ ክፍያ ነው። በአንጻሩ የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ ለተለማማጆቻቸው አበል ይከፍላሉ። የዓለም ባንክ ኢንተርንሺፕም ክፍያ ያለው ነው። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር ከ18 እስከ 35 ዓመት ለሆኑ አፍሪካውያን ምሩቃን የአንድ ዓመት ምደባ ከአበል ጋር ይሰጣል።

የፍርድ ቤቶቹ ምሳሌ ይበልጥ ያስተምራል። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በአደራ ፈንድ የሚደግፋቸው የልምምድ ዕድሎች የሮም ስምምነት አባል ለሆኑ ታዳጊ አገሮች ዜጎች የታሰቡ ናቸው። ኢትዮጵያ አባል ስላልሆነች ኢትዮጵያዊ አመልካች በዚህ በር ለመግባት የሚያባክነው ጊዜ አይመለስለትም። የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት የፌሎውሺፕ መርሐ ግብር ግን የተለየ ነው። ቀድሞ ወጪውን የሚችለው አቅራቢው ዩኒቨርሲቲ ስለነበር ዕድሉ ለባለጸጋ ዩኒቨርሲቲዎች ያደላ ነበር። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታዳጊ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርቡ ምሩቃንን የሚደግፍ የአደራ ፈንድ እንዲቋቋም ወሰነ። ሆኖም ዕጩውን የሚያቀርበው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ምሩቁ ብቻውን ማመልከት አይችልም። ዩኒቨርሲቲው ዕጩ ካላቀረበ ፈንዱ ለዚያ ተማሪ እንደሌለ ይቆጠራል።

አራተኛው ምንጭ የምርምር ድጋፍ ነው። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ልምምድንና የመመረቂያ ጥናትን ማጣመር አንዱን ወጪ ለሁለት ዓላማ ያውላል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት (ኦስሪያ) እና በዳካር የሚገኘው ኮዴስሪያ ለወጣት ተመራማሪዎች የምርምር ድጋፍ በመስጠት ይታወቃሉ። እምድብር ለእንዲህ ያለው ጥምረት ተስማሚ ናት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በግልና በቤተሰብ ጉዳዮች ተከራካሪዎች ፈቃደኛ ሲሆኑ በባህላዊ ሕግ መዳኘት እንደሚቻል ያመለክታል። የሰባት ቤት ጉራጌ ቂጫ ከመደበኛው ፍርድ ቤት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚመረምር ተማሪ፣ በፍርድ ቤቱ መለማመዱ መረጃ የሚሰበስብበት መንገድም ይሆንለታል። በዚህ ጊዜ ግን የመዝገቦችን ምስጢራዊነት የሚመለከት የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት የግድ ነው።

ከማመልከት በፊት

ከላይ የተዘረዘሩት ምንጮች ሲነጻጸሩ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይደጋገማሉ። ዜግነት፣ የትምህርት ደረጃና ከምረቃ በኋላ ያለፈው ጊዜ ተቀባይነትን ይወስናሉ። ለምሳሌ በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የሚቀበሉት የመጀመሪያ ዲግሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪን ወይም ከተመረቀ አንድ ዓመት ያልሞላውን ነው። አመልካቹ ተማሪው ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲው? አበሉ ኪራይን፣ ጉዞንና መድንን ይጨምራል ወይስ የኪስ ገንዘብ ብቻ ነው? በየወሩ ይከፈላል ወይስ በመጨረሻ ተጠቃልሎ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ቁጠባ ለሌለው ተማሪ ወሳኝ ነው። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የሚከፈል አበል የመጀመሪያውን ወር ኪራይ አይከፍልም።

ለማንኛውም ማመልከቻ የሚያስፈልጉ የትምህርት ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤና የጽሑፍ ናሙና ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ሊዘጋጁ ይችላሉ። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የጽሑፍ ናሙናውን ነው። በክፍል የተሠራ አንድ የፍርድ ትችት ወይም የፖሊሲ ማስታወሻ በመምህር ታይቶና ተስተካክሎ ቢቀመጥ ለብዙ ማመልከቻ ያገለግላል።

ከአካባቢ የሚነሣ ፈንድ

የውጭ ምንጮች ተወዳዳሪያቸው ብዙ፣ ቦታቸው ጥቂት ነው። ለብዙኃኑ ተማሪ መልሱ ከቅርብ መምጣት ይኖርበታል። የጉራጌ አካባቢ በዚህ ረገድ የራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን መሥርተው በመዋጮ ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ አስወጥተዋል። የራስ አገዝ ልማት ማኅበር ባህሉም ከዚያ ወዲህ ቀጥሏል። የዚያ ሥራ ጥንካሬ ገንዘቡን መሰብሰቡ ላይ ብቻ አልነበረም፤ መዋጮው ለታወቀ ሥራ፣ ተጠያቂነት ባለው ድርጅት በኩል መዋሉም ጭምር ነበር።

በዚህ አርአያ ለተወሰኑ ተማሪዎች የሦስት ወር ኪራይና ምግብ የሚሸፍን ፈንድ ማቋቋም ከመንገድ ሥራ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች ራሳቸው በመዋጮና በጨረታ ገንዘብ አሰባስበው ለሕዝብ ጥቅም በነጻ የሚሠሩ ጓደኞቻቸውን ይደግፋሉ። ሦስት ነገሮች ግን መሟላት አለባቸው። ምርጫው በጎሣና በዝምድና ሳይሆን በችግርና በብቃት መሆን ይገባዋል። ገንዘቡ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ገብቶ መመርመር አለበት። አዋጪው የንግድ ድርጅት ወይም ግለሰብ ተማሪው በሚለማመድበት ፍርድ ቤት ጉዳይ ካለው፣ ፈንዱ የፍርድ ቤቱን ገለልተኛነት እንዳይነካ በአዋጪውና በተማሪው መካከል ቀጥተኛ ግንኙነት መኖር የለበትም።

ማጠቃለያ

የተግባር ልምምድ ግዴታ ከሆነ ወጪው የዕድል ጉዳይ ሆኖ ሊቀር አይገባም። የሥራ ሕጉ ለትምህርት ልምምድ ክፍያን ባያስገድድም በስምምነት መክፈልን አልከለከለም። ምንጮቹ አሉ፤ የሚከፈቱት ግን በዩኒቨርሲቲ በጀት ዝግጅት፣ በድርጅቶች የፕሮጀክት ረቂቅና በዕጩ አቅርቦት ጊዜ ነው። እነዚህ ሁሉ ከምደባው ቀደም ብለው ያልፋሉ። የምደባ ዝርዝር ከመለጠፉ በፊት ከእያንዳንዱ ቦታ ስም ጎን «ተማሪው በምን ይኖራል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ ዓምድ መጨመር ለማንኛውም የትምህርት ክፍል የሚቻል ጅምር ነው። ዓምዱ ባዶ የሆነበት ቦታ ሁሉ ስምምነት ገና እንዳልተደረገ ያሳያል።