የክረምቱ ካርታ መምህር ይሻል

እቴጌ እሌኒ ያሠሯት የጥንቷ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ በጥርብ ድንጋይ ጌጡ በሚመሰክርባት በመርጡለ ማርያም፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የዐምናው የክረምት ዝናብ ትንበያ ካርታ እንደ ተለጠፈ ነበርና፣ አጠገቤ ቆመው ይመለከቱት የነበሩ አዛውንት ገበሬ የተናገሩት ቃል ከኅሊናዬ አልወጣ አለ። «ልጄ፣ አረንጓዴውን አይቼ ጥጋብ ነው አልሁና ስንዴዬን ዋልካው ላይ ዘራሁ፤ ዝናቡስ እንደ ተባለው መጣ፤ ማሳው ግን ውኃ አቁሮ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሥዕሉ አልዋሸም፤ እኔም ዐይኔ ደኅና ነው፤ የሚተረጉምልኝ አጣሁ እንጂ።»

በአዋጅ ቁጥር 201/1973 የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት በየወቅቱ መግቢያ የሚያወጣው ካርታ፣ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በቀለምና በሦስት አኃዝ ያሳያል። 45፣ 35፣ 20 ተብሎ ቢጻፍ፣ ያነጋገርኋቸው አብዛኞቹ ገበሬዎች 45ን የዝናቡ ብዛት አድርገው ይቀበሉታል፤ የአኃዙ ምሥጢር ግን ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ ከመቶ 45፣ ያ ሳይሆን የመቅረቱ ዕድል ደግሞ 55 መሆኑ ነው። አረንጓዴውም ስለ ውኃ እንጂ ስለ አዝመራ በረከት አይናገርም፤ በዋልካ መሬት ትርፍ ዝናብ ራሱ መቅሠፍት ነውና።

ይህ ሕዝብ ለሥዕልም ሆነ ለአኃዝ እንግዳ አይደለም። በአድባራቱ ግድግዳ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለት ዐይናቸው የሚታይ፣ ኃጥኣን ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ብቻ ተሥለው ሲያይ ያደገ ሕፃን፣ ማን ማን እንደሆነ ከመምህሩና ከእናቱ ሰምቶ ያውቃል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም 19 ዓመት ንዑስ ቀመር፣ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፣ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ብለው ዘመናትን ሲያሰሉ፣ ምእመናን ዘመነ ማቴዎስን ከዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስን ከዘመነ ዮሐንስ ለይተው የዓመቱን ጠባይ ሲነጋገሩበት ኖረዋል። «መሪጌታ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ሲነግሩን ስሌቱን አናውቀውም፤ ግን ጠይቀን እንረዳለን» አሉኝ እኒያው አዛውንት፤ «ወረቀቱን ግን ማንን ልጠይቀው?»

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የእንግሊዙ የአየር ንብረት ሊቅ ኤድ ሆኪንስ በ2010 ዓ.ም. የምድርን ሙቀት ያለ አንዳች አኃዝ፣ ከሰማያዊ ወደ ቀይ በሚሸጋገሩ ሰንበሮች ብቻ የገለጸው፣ የሊቃውንቱ ሥዕል ለሕዝብ እንደሚከብድ ስለ ተረዳ ነው። ካርታው ያለ ማብራሪያ ለምን እንደሚለጠፍ የጠየቅኋቸው ባለሥልጣን ግን «ከበላይ እንደ መጣ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልሰጡኝም። ኤልኒኖ ያስከተለው ድርቅ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ወገኖቻችንን ለምግብ እርዳታ በዳረገባት አገር፣ ይህ ዝምታ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ካርታው በተላከበት ሁሉ አንባቢው አብሮ ይላክ፤ የግብርና ባለሙያው በሰንበቴውና በገበያው ቀን ቆሞ፣ ዕድሉ ስንት በስንት እንደሆነ፣ በዋልካው ቦይ ማውጣት እንደሚገባ፣ በቀዩ አፈር ደግሞ ምን እንደሚሻል በገበሬው ቋንቋ ይንገር። ከሰማይ የሚመጣውን የመከልከል ሥልጣን ባይኖረን፣ የታወቀውን የማስተማር ግዴታ ግን አለብን።