ጠፍጣፋው ክሪስታል እንዴት መርፌ ይሆናል?

ለጨጓራ ቃር የሚታዘዘው ነጭ ሽሮፕ ሳይነካ ከቆየ ከላይ ውሃ፣ ከታች ዝቃጭ ሆኖ ይለያያል። በዝቃጩ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ አለ፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ከዚህ ዱቄት የሚያሟሟው ወደ 10 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሽሮፑን ለሚጠጣ ሰው የቅንጣቶቹ ቅርጽ ጉዳዩ አይደለም። የኤሌክትሪክ ገመድ ለሚሠራ ፋብሪካ ግን ዋና ጉዳይ ነው።

ዱቄቱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ሙቀት እየመጠጠ ይፈርሳል፤ ከክብደቱ 31 በመቶ የሚሆነው ውሃ ሆኖ በእንፋሎት ይወጣል። እሳት እንዲያዘገይ የገመድ ልባስ ውስጥ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ችግሩ፣ እንዲሠራ ከተፈለገ የልባሱን ግማሽ ያህል መያዝ አለበት፤ ያን ያህል ዱቄት የገባበት ፕላስቲክ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል። በናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) የሚለኩ፣ ያልተጓጎሉና ቅርጻቸው የተመረጠ ቅንጣቶች የሚፈለጉት ይህን ጉዳት ለመቀነስ ነው።

ክሪስታሉ ለራሱ ከተተወ ጠፍጣፋ ነው። አተሞቹ መሶብ ውስጥ እንደተነባበረ እንጀራ ተደርድረዋል፤ በአንዱ ንብርብር ውስጥ ያለው ትስስር ጠንካራ፣ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ደካማ ነው። ስለዚህ ወደ ጎን ሲሮጥ ወደ ላይ ይለግማል፤ ውጤቱም ባለ ስድስት ጎን ስስ ቅጠል ነው።

ቀላሉ ዘዴ የማግኒዚየም ጨው ውሃ ውስጥ አሟሙቶ አልካሊ መጨመር ነው። ጨውስ ብርቅ አይደለም፤ በባሕር ውሃም በዳሎል የጨው ክምችትም ውስጥ ማግኒዚየም አለ። ልዩነቱ ያለው አልካሊው ላይ ነው። በቤልጅየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት፣ ኮስቲክ ሶዳ አበባ ጎመን የመሰለ ጉብታ ሲሰጥ አሞኒያ የተነጣጠሉ ጠፍጣፋ ቅንጣቶችን ይሰጣል። ጉብታውም ቢሆን አይጣልም። ኦቶክሌቭ በሚባል በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ለሰዓታት ሲግል ጥቃቅኖቹና ጠማሞቹ ቀድመው ይሟሟሉ፤ የሟሟው በተረፉት ላይ እያረፈ ቅርጻቸውን ያስተካክላል።

መርፌ መሥራት ግን ሌላ ብልሃት ይጠይቃል፤ ለእኔ የዚህ ሙያ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ኬሚስቱ ጠፍጣፋውን ክሪስታል በግድ አይስበውም። መጀመሪያ በተፈጥሮው መርፌ የሆነ ሌላ ክሪስታል ያሳድጋል፦ ማግኒዚየም ኦክሳይድን በወፍራም የማግኒዚየም ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ሲያቆይ፣ ክሎሪንም ሃይድሮክሳይድም ያለበት የፀጉር ያህል እንኳ የማይወፍር ክር ይበቅላል። ከዚያ ክሩን ኤቲሊንዳያሚን በሚባል ፈሳሽ ወይም በኮስቲክ ሶዳ ያግለዋል። ክሎሪኑ ይወጣል፣ ሃይድሮክሳይድ ይተካዋል፣ የክሩ መልክ ግን እንዳለ ይቆያል። ሁኔታው ሲመቻች መሐሉ ባዶ የሆነ ቱቦ እስከማግኘት ተደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የቻይና ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶችም መነሻውን፣ ማሟሚያውንና ሙቀቱን እየቀያየሩ ዘንግ፣ መርፌና ቅጠል ለማግኘት ችለዋል።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታዩት አበባ መሰል ቅርጾች መጽሔት ላይ ያምራሉ። ለገመዱ ፋብሪካ ግን በቀላሉ የሚጣራና የሚታጠብ ተራ ጠፍጣፋ ቅንጣት ይበልጣል።

ዘንጎቹ በምድጃ ሲግሉ ውሃው ይወጣና ወደ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ይለወጣሉ፤ ቅርጻቸውን በአብዛኛው ይዘው፣ ውሃው በወጣበት ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነው። በቀዳዳ የተሞላ የኦክሳይድ ዘንግ የሚፈልግ ሰውም ሥራውን የሚጀምረው ከሃይድሮክሳይዱ ነው።