የለቅሶ ቤት ዕጣና የቤተ ክርስቲያን ነጻ ፈቃድ

ሰው የሚድነው በራሱ ፈቃድ መርጦ ነው ወይስ እግዚአብሔር አስቀድሞ ስለ ወሰነለት የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ሲነሣ፣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8 እና 9 ዙሪያ ይቆማል፤ አንዱ ወገን የያዕቆብን መመረጥ፣ ሌላው የንስሓን ጥሪ እየጠቀሰ ስለሚሟገት፣ ለሁለቱም ጥቅስ እንደማይጠፋ ያየ አድማጭ ግራ ይጋባል። ይሁን እንጂ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጎብዬና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ የሚኖር ምእመን ስለ ዕጣው ያለውን አሳብ ይበልጥ የሚቀርጸው ይህ የጥቅስ ሙግት ሳይሆን በለቅሶ ቤት የሚሰማው ንግግር ይመስላል፤ ጉዳዩን የሚያብራሩ ሰዎች ግን ይህን ምክንያት እምብዛም አያነሡትም።

በትምህርቱ በኩል መለየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ቅድመ ዕውቀት እግዚአብሔር የሚሆነውን ሁሉ ከመሆኑ በፊት ማወቁ ሲሆን፣ ቅድመ ውሳኔ ግን፣ በጠበቀ ትርጉሙ፣ የሚድነውንና የሚጠፋውን የሰውየውን ፈቃድ ሳይጠብቅ መበየኑ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዮሐንስ አፈወርቅን ፈለግ በተከተለው የአንድምታ ትርጓሜዋ የመጀመሪያውን ተቀብላ ሁለተኛውን አትቀበልም፤ በቀኖናዋ የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 15 ሕይወትና ሞት በሰው ፊት እንደ ቀረቡ፣ የወደደውም እንደሚሰጠው ያስተምራል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን አውግስጢኖስና ጲላግዮስ የተከራከሩበት፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 የዶርት ሲኖዶስ ለካልቪን ተከታዮች የበየነበት ሙግት በአመዛኙ የምዕራቡ ዓለም ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ የዘለቀው በዋነኛነት ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋት ጋር ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ በዚህ ነገር አንድ አቋም የላቸውም።

ትምህርቱ ይህ ከሆነ፣ «የተጻፈ አይቀርም» እና «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚሉት አባባሎች በክርስቲያኑ አፍ ይህን ያህል መለመዳቸው ማብራሪያ ይሻል። ምክንያቱም ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ በሚጠመቁበት ሥርዓት የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ ሕፃኑ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ መልሰው ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረውም በክርስቶስ ማመናቸውን ይናገራሉ፤ ይህም ሥርዓት የክርስቲያንን ሕይወት በምርጫ እንጂ በታተመ ዕጣ አያስጀምርም።

ማብራሪያው ያለው ከሰው ሐዘን ላይ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው፣ ቀብርን በጋራ የሚያስፈጽምና ሐዘንተኛን የሚደግፍ የጎረቤታሞች ማኅበር፣ በብዙ ስፍራ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ ለቅሶ ላይ ያስቀምጣል፤ አንዱ «እግዜር ያጽናህ»፣ ሌላው «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ካለ በኋላ፣ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ሊናገሩት የሚችሉት «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለውን ነው። ይህ ቃል «ቶሎ ሐኪም ቤት ባደርሰው ኖሮ» እያለች ራሷን የምትከስ እናት ሸክሟን እንድታወርድ የተነገረ የምሕረት ቃል ነው፤ ነገረ መለኮት እንዲሆን ግን አልታሰበም። ችግሩ የሚጀምረው ቃሉ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ስለ ንስሓ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ አስተዳደርም መልስ መስጠት ሲጀምር ነው።

ወሎ የዚህን መዘዝ በጽኑ አይታለች። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረኃብ ሕዝቡ በዋናው መንገድ ዳር ሲረግፍ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነገሩን ሸሸገው፤ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳሳየው ግን በዚያው ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት እምብዛም አልቀነሰም ነበር፣ ከወሎም እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከቆቦ በስተሰሜን በኮረም ሺዎች እየረገፉ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። ዝናብ መቅረቱ ከሰው ሥልጣን በላይ ሊሆን ይችላል፤ እህሉ ወዴት እንደሚሄድና ዜናው እንዲሸሸግ የወሰነው ግን ሰው ነው፤ ሁሉንም በአንድነት «የእግዜር ቁጣ» ብሎ መጥራት ለሹመኛው የማይገባውን ይቅርታ ይሰጠዋል፣ በእግዚአብሔርም ላይ ያላደረገውን ይለጥፍበታል።

የራያ ገበሬ ሥራ ከዚህ የተሻለ ያስተምራል። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሽላ ማሳው የሚያስገባው ገበሬ ውኃውን ራሱ አላመነጨውም፤ ይሁን እንጂ ጎረቤቱን ይዞ መጥለፊያውን በጊዜው ካላበጀ ጎርፉ ማሳውን ሳያጠጣ ያልፈዋል። ጸጋና ፈቃድ አብረው ይሠራሉ የሚለው ትምህርት፣ ማለትም መዳን ከእግዚአብሔር ሲሆን ሰው ግን እጁን ይዘረጋል የሚለው፣ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ በሮሜ 9 ላይ የሚከራከሩ ሰባክያን ከጥቅሱ ጋር ምእመኑ ቃሉን የሚሰማበትን ስፍራ ቢመረምሩ ይጠቅማል፤ ሐዘንተኛን በ«ቀኑ ደርሶ ነው» ማጽናናት ተገቢ ነው፤ ለታመመ ልጅ፣ ለተበደለ ድኻ፣ ንስሓን ለሚያዘገይ ኃጢአተኛ ግን ያው ቃል ሲደገም፣ ቤተ ክርስቲያን ከጥምቀት ጀምሮ የምታስተምረውን የሰውን ተጠያቂነት ያስረሳል።