የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነጋዴ ፍጥነቱን ይጠይቅ

ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በሕግ ግን ይለያያሉ። በአውሮፓ ኅብረት የሞተሩ መደበኛ ኃይል ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን የሚያቋርጥ እንደ ተራ ብስክሌት ይታያል። እስከ 45 ኪሎ ሜትር የሚያግዘው ግን ከቀላል ሞተር ብስክሌት ይመደባል፤ በጀርመን የኢንሹራንስ ሰሌዳ፣ መንጃ ፈቃድና ሄልሜት ግዴታ ናቸው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ ፔዳል ኖሮት ኃይሉ ከ750 ዋት፣ ፍጥነቱም በሞተር ብቻ ከ32 ኪሎ ሜትር በታች የሆነውን ብስክሌት ይለዋል። ስለዚህ ለአሜሪካ የተሠራ ዕቃ በአውሮፓ እንደ ብስክሌት ላያልፍ ይችላል።

የፍጥነት ገደቡን ማስነሳትም አያዋጣም፤ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት በጀርመን በወንጀል ያስጠይቃል። አስመጪ ከዋጋው በፊት ዋቱንና ፍጥነቱን ይመልከት።