ያውቁ ኖሯል? የመጀመሪያውን ሸክላ ማጫወቻ ለሚገዙ

በአንድ ባለ 12 ኢንች ሸክላ አንድ ገጽ ላይ የተቀረጸው መስመር ተተርትሮ ቢዘረጋ ከ400 ሜትር በላይ እንደሚሆን ያውቁ ኖሯል? መርፌዋ ይህን መንገድ በሃያ ደቂቃ ገደማ ትጨርሰዋለች። ዳር ዳሩን ስትሄድ በሰከንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ ወደ መሃል ስትጠጋ ግን ወደ 20 ትወርዳለች። ስለዚህ የመጨረሻው ዘፈን ሻከር ብሎ ከተሰማዎት ማጫወቻውን ለመመለስ አይቸኩሉ።

አምሃ እሸቴ ያቋቋመው አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳትሟል። ከዐሥሩ ዘጠኙ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ናቸው ማለት ነው። ልብዎ ያለው በዚያ ዘመን ሙዚቃ ላይ ከሆነ ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ድምፅ ጥራት ሳይሆን «ከአልበሞቹ 33 ወደ 45 የሚቀየረው በምንድን ነው?» ብለው ነው። የእንግሊዙ ሬጋ ፕላናር 1 በድምፁ የተመሰገነ ማሽን ነው፤ ፍጥነቱን ለመቀየር ግን የሚሽከረከረውን ሳህን አንስቶ ቺንጋውን በእጅ ማዛወር ግድ ይላል። አልበም ብቻ ለሚሰማ ሰው ይህ ችግር አይደለም። ትልቁንና ትንሹን እያፈራረቀ ለሚያጫውት ግን አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚቀየረው ርካሽ ማሽን ይሻላል ባይ ነኝ።

መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ያለው 45 ካጋጠመዎ አልተበላሸም። ቀዳዳው 38 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሞላው ትንሽ ክብ ፕላስቲክ አለ። ማጫወቻው ሲሸጥ አብሮት መኖሩን ይዩ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹበት ዓይነት ሸክላ በዛሬው ተራ መርፌ እንደማይጫወት ያውቁ ኖሯል? በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ መስመሩ ሰፊ ስለሆነ ሦስትና አራት እጥፍ የሚወፍር መርፌ ይፈልጋል። ፍጥነቱም በብዙ ማጫወቻዎች ላይ የለም። ሌላም አለ፦ የተሠራው ከሼላክ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። የአያትዎን ሸክላ ላጽዳ ብለው አልኮል ቢያስነኩት ዘፈኑ ከጨርቁ ጋር ይሄዳል።

አሁን ወደ መብራቱ። አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ ይዞት የሚመጣው አሮጌ ማጫወቻ አዲስ አበባ ላይ ዘፋኙን ሊያጎረንነው እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ኸርዙን ግን ንክች አያደርገውም። የብዙ አሮጌ ማሽኖች ሞተር የሚዞረው በኸርዙ ልክ በመሆኑ በደቂቃ ከ33 ጊዜ በላይ መዞር የነበረበት ሸክላ ወደ 28 ይወርዳል። ዜማውም ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥረው በፒያኖ ላይ ሦስት ቁልፍ ያህል ዝቅ ይላል። ድምፃዊት ብዙነሽ በቀለ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣውም ያው 60 ኸርዝ ነው፤ ከዱባይ፣ ከእስራኤልና ከአውሮፓ ከሆነ ግን 50 ስለሆነ ስጋት የለም። አዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ ብዙዎቹ እንደ ስልክ በውጭ ቻርጀር የሚሠሩ ናቸው። ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ ካገኙ ዘመድዎን በሰላም ይሸኙ።

ከመርፌዋ የሚወጣው ኤሌክትሪክ 5 ሚሊ ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ይሰጣል። ማነሱ ብቻም አይደለም፤ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ልኩ እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ በአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ተወስኖ የቆየ ነው። ያንን መልሶ የሚገለብጠው ፕሪአምፕ ነው። ማጫወቻውን ያለ ፕሪአምፕ ስፒከር ላይ ቢሰኩት የሚሰሙት ጥርስ የሚያፋጭ ሲርሲርታ ነው። ሁለት ፕሪአምፕ ቢደራረብም ጥፋት ነው፦ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሳያጠፉ አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ከከተቱት ድምፁ ይፈርሳል። ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው አጭሩ መንገድ ፕሪአምፕ በውስጡ ያለው ማጫወቻና አምፕሊፋየር በውስጡ ያለው ስፒከር ማጣመር ነው። ሁለት ዕቃ፣ አንድ ገመድ፣ አለቀ።

በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ቆንጆዎቹ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ መርፌያቸው በሸክላው ላይ 5 ግራምና ከዚያ በላይ እንደሚጫን ያውቁ ኖሯል? የአውዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ መርፌ 2 ግራም ይበቃታል። ስፒከሩም እዚያው ሣጥን ውስጥ ስለሆነ እየተንቀጠቀጠ መርፌዋን ይረብሻታል። ለጌጥ ከሆነ ይግዙት፤ በድጋሚ ለማይገኝ ሸክላ ግን አልመክርም።

በሌላ በኩል፣ ሸክላውን ላሳርፈው ብሎ ክብደቱን ከልክ በታች ማቅለል የባሰ ነው። መርፌዋ መስመሩን በቅጡ ሳትይዝ ትዘላለች፣ ግድግዳውንም ትቦጫጭራለች። አምራቹ የጻፈው ግራም ይከበር።

እንደ አውዲዮ ቴክኒካ ኤቲ-ኤልፒ60ኤክስ ያሉት ርካሽና አውቶማቲክ ማሽኖች የመርፌያቸው ክብደት ከፋብሪካ ተለክቶ የታሰረ ነው፤ ማስተካከያ የላቸውም። አንዳንዱ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። ሚዛን ነክቶ ለማያውቅ ጀማሪ ግን እፎይታ ነው።

የኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. የ1985 የአኮርዲዮን አልበም በመጀመሪያ የወጣው በካሴት ነበር። በ2013 በሸክላ ታትሟል። ስለዚህ ሻጭ «የዘመኑ ኦሪጅናል ሸክላ ነው» ብሎ ዋጋ ቢቆልልብዎ ሳቅ ብለው ይለፉት።

ከስፒከሩ የማያቋርጥ «እምምም» ከተሰማ ብዙውን ጊዜ የተረሳው ቀጭኑ የግራውንድ ሽቦ ነው።

የቪኤም95ኢ መርፌ ዕድሜዋ 300 ሰዓት ያህል ነው፤ በየምሽቱ አንድ አልበም ለሚሰማ ሰው ከአንድ ዓመት ትንሽ አለፍ ይላል። ስታልቅ መርፌዋ ብቻ ተነቅላ ሌላ ትተካለች። ያገለገለ ማጫወቻ ሲገዙ ታዲያ ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት መርፌዋ የምትሰካበት ካርትሪጅ ላይ የተጻፈውን ሞዴል ያንብቡና መርፌው ዛሬም የሚሸጥ መሆኑን ያጣሩ። ካልተሸጠ ካርትሪጁን በሙሉ መቀየር ስለሚኖርብዎ ያንን ሂሳብ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።